ሦስተኛዋ ትራምፔት

ባለፈው ወር ጎንደር ሄጄ ድሮ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ። የሙዚቃ አስተማሪዋ ገና ወጣት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የኖታ ክምር ዘርግታ ግራ ገብቷት አገኘኋት። "ለትንንሾቹ ባንድ የሚሆን ቅንብር መምረጥ አቃተኝ። አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ የሌለን መሣሪያ ይፈልጋል፣ አንዱ ደግሞ ለሁለት ልጅ ብቻ ነው ሥራ የሚሰጠው" አለችኝ። ከዚያ "ያለንን ልየው ካልሽ" ብላ አንድ ጥቁር ሣጥን ከመደርደሪያ አውርዳ ከፈተችው።

ሽታው! በላበው እጅ ተጨብጦ የቆየ ሳንቲም፣ ትንሽ የማሽን ዘይት፣ ትንሽ እርጥብ ከፋይ ተቀላቅለው የሚሸቱት ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እኔ ግን ጭንቅላቴን ሣጥኑ ውስጥ ልከት ምንም አልቀረኝ። "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ እንጂ! ሰባተኛ ክፍል ነኝ፣ ከንፈሬ አብጧል፣ ከወላጆች ቀን በፊት የቀረን ጊዜ ትንሽ ነው።

ሣጥኖቹ የመጡት ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖች፣ በአይሱዙ ተጭነው። ከውጭ አገር የመጣ እርዳታ ነው ሲባል ግማሹ ተማሪ ብስኩት መሰለው። እኔም ደብተሮቼን ጓደኛዬ ሜሮንን አሸክሜ፣ ቦርሳዬን ባዶ አድርጌ ከተሰለፉት አንዷ ነበርኩ። ክዳኑ በመዶሻ ሲፈነቀል ከውስጥ ቢጫ ብረት ብልጭ አለ። "ወይኔ ብስኩቴ!" አለች ሜሮን። እኔ ግን ብስኩቱን እዚያው ረሳሁት። እንደዚያ የሚያበራ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አይቼ አላውቅም ነበር።

ባንዱን የሚያቋቁሙት ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ ስላልነበረ ሁላችንም "ሃምሳ አለቃ" ነበር የምንላቸው። ሱሪያቸው ሁልጊዜ ካውያ የነካው፣ ጢማቸው ሁልጊዜ የተከረከመ። ሙዚቃ ለማስጀመር "አንድ፣ ሁለት" አይሉም፤ "ተኩስ!" ነው የሚሉት። የመጀመሪያ ቀን በቅሎ እንደሚገዛ ሰው በየተራ አፋችንን አስከፍተው ጥርሳችንን አዩ።

ጥጋቡ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጥጋቡ ስሜን ካለችው መካነ ብርሃን መጥቶ አክስቱ ዘንድ እየኖረ የሚማር ልጅ ነው፤ ከሁላችንም በአንድ ራስ ይበልጣል።

"አንተ፣ እጅህን ዘርጋ።"

ዘረጋ።

"ኧረ ይሄስ ከዚህ አይከል ከተማ ይደርሳል! ትሮምቦን ያዝ።"

ጥጋቡ መሣሪያውን ተቀብሎ ተንሸራታቹን ክፍል ቢስበው ወጣለት፣ ቢገፋው ገባለት። ደነገጠ። "አያ ሃምሳ አለቃ፣ ምነው ይሄ ብረት ይረዝማል ያጥራል? ሰበርሁት ይሆን?" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለእኔ ትራምፔት ደረሰኝ። "ከንፈርሽ ቀጭን ነው፣ ትንፋሽሽን እናያለን። የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

"የመሪጌታ።"

ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። "አባትሽ ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ" አልኩ። አያውቁም ነበር።

አባባ በደብራችን ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ጉባኤ ቤታቸው ከቤታችን አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የነቃሁት በተማሪ ድምፅ ነው። እዚያ ሁሉም በየፊናው የየራሱን ይጮኻል፤ አንዱ ጾመ ድጓ፣ አንዱ ዝማሬ፣ አንዱ ገና ፊደሉን። ለሌላ ሰው ገበያ ነው። አባባ ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ ጥለው፣ የተኙ መስለው ይቆዩና በድንገት "አንተ፣ ከግድግዳው ጥግ ያለኸው! እዚያ ጋ አጥፍተሃል፤ መልስ!" ይላሉ። ልጁ ይመልሳል። ይሄን ነገር በየቀኑ ስለማየው ሁሉም አባት እንደዚያ የሚሰማ ይመስለኝ ነበር።

ማታ ራት ላይ "የጃዝ ባንድ ውስጥ ገባሁ" አልኩ።

"ጃዝ?" አሉ አባባ ጉርሻቸውን አቁመው። "ውሻ ልታስነክሱ ነው?"

እማዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሄደች። ሙዚቃ ነው ብዬ አስረዳሁ። አባባ አልተቆጡም፣ አልፈቀዱምም፤ "እስቲ እናያለን" ብለው ወደ ጉርሻቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ልጅ ነኝ፣ "እናያለን"ን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት።

ታዲያ ምን ላድርግ፣ ጉጉቱ ሊገለኝ ነው! ሃምሳ አለቃ "ከንፈር የሚጠነክረው በጠዋት ነው፤ አንድ ድምፅ ይዛችሁ ትንፋሻችሁ እስኪያልቅ አትልቀቁ" ብለውናል። ቅዳሜ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ ትራምፔቴን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ብርዱ አፌን ያቃጥለኛል። ትንፋሼን ሳብኩና አንዱን ወፍራም ድምፅ ለቀቅሁት። ወጣ! እንዲህ ረጅምና ያማረ ድምፅ ከእኔ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ደገምኩት። ሠለስኩት።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ አበቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንባ አዝሎ ቆመዋል። "ማን ነው? ማን ሞተብን?" አሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ሴቶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ግማሽ ሰፈር። ለካስ በዚያ ሰዓት በሰፈራችን ጡሩንባ የሚነፋው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ እድርተኛ ሲሞት! የእድራችን ለፋፊ አያ ንጉሤ ራሳቸው ጡሩንባቸውን በብብታቸው ይዘው እየሮጡ መጡ፤ እሳቸው የተቀየሙት ሌላ ነገር ነው። "ሳይነገረኝ ማነው የለፈፈው? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" ይላሉ።

አባባ ከኪዳን ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ያን ሁሉ ሰው አዩ። መቋሚያቸው ከእጃቸው ሲወድቅ አየሁት። እማዬን ፈለጉ፣ እኔን ፈለጉ፤ ሁለታችንንም በሕይወት ሲያገኙን ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ከተበተነ በኋላ ጠሩኝ።

"ስሚ ማኅሌት። ሰው ሁሉ ድምፁን ሰማ፤ አንቺ መሆንሽን የለየ ግን አንድም የለም። ማን እንደሆነ የማይለይ ድምፅ ጩኸት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያ ብረት ቤቴ ውስጥ አይነፋም።"

"ትምህርት ቤትስ አባባ?"

የወደቀውን መቋሚያቸውን አነሡ። "የወላጆች ቀን እመጣለሁ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንቺን ለይቼ ከሰማሁሽ ትያዥዋለሽ። ካልሰማሁሽ በነጋታው ለባለቤቱ ትመልሻለሽ።"

እንግዲህ ያ ዓመት ለእኔ ይሄ ነበር። አባባ ይሰሙኛል ወይስ አይሰሙኝም? ፈተና ላይ ሆኜ እሱን ነው የማስበው፣ ስበላም እሱን። ቤት ውስጥ መንፋት ስለተከለከልኩ በእማዬ ማማሰያ እጀታ ላይ ጣቶቼን አለማምድ ነበር፤ ሽሮው ስንቴ እንዳረረ እሷ ትቁጠረው።

ከመሣሪያዎቹ ጋር አንድ ካርቶን ሙሉ ቅንብር መጥቷል። ሃምሳ አለቃ ከሁሉ መርጠው ያወጡት ባለ ሰማያዊ ሽፋኑን ነው። ርዕሱ ረጅም የእንግሊዝኛ ርዕስ ስለነበር "ሰማያዊው" አልነው። በወጣትነታቸው ከሠራዊቱ ባንድ ጋር ተጫውተውታል፤ ሲያወሩልን ዓይናቸው ይበራል። ፎቶ ኮፒው ቤት መብራት ስለጠፋ፣ የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ተብሎ ለየመሣሪያው እንድገለብጥ ወረቀቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ! የኖታ ደብተሩን እንደ ታቦት ነው ይዤው ቤቴ የገባሁት።

ቁጭ ብዬ ስመለከተው ግን መጽሐፉ ብዙ ችግር አለበት። መጀመሪያ ነገር ቃል የለውም። አባባ ዘንድ ምልክቱ ከቃሉ በላይ ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ምልክት ብቻ፣ ከታቹ ባዶ። የሚዘመረው ምንድን ነው ታዲያ? ሁለተኛ፣ ቅስት የሆነች መስመር በኖታዎቹ ላይ ባየሁ ቁጥር ድፋት መሰለችኝ፤ ድፋት ደግሞ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ በኋላም ቅስት ባለበት ሁሉ ድምፄን እየደፋሁ ነበር የምጫወተው። ሃምሳ አለቃ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው እየቆየች የምትጠፋው?" እያሉ ይገረሙ ነበር።

ትልቁ ጉድ ግን ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዋን ትራምፔት ወረቀት ገልብጬ ወደ ሁለተኛዋ ስሄድ፣ አይመሳሰሉም! ርዕሱ አንድ፣ ርዝመቱ አንድ፣ ኖታው ሌላ። ሦስተኛዋም ሌላ። የሳክስፎኑማ ጭራሹን። የጥጋቡ ደግሞ ግማሹ ዝምታ ነው። እኔ ያደግሁት የት ነው? አንድ ተማሪ መጽሐፍ ሲገለብጥ ከተገለበጠበት ከእናት መጽሐፉ ጋር ቃል በቃል ተመሳክሮ ስሕተቱ በሚታረምበት ቤት። "ፈረንጆቹ ሲገለብጡ ተዘናግተዋል" አልኩ። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና ሁሉንም በመጀመሪያዋ ትራምፔት ልክ አረምኳቸው። የጥጋቡን ዝምታ ሁሉ ሞላሁለት። እንዲያውም ስጨርስ ለእነዚያ ሰዎች አዘንኩላቸው።

በማግስቱ ወረቀቱን አደልኩ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አነሡ። "ተኩስ!"

እግዚኦ! ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሳክስፎኑ ወዲያ፣ ትሮምቦኑ ወዲህ፤ ያው ኖታ ለየመሣሪያው ሌላ ድምፅ እንደሚሰጥ ማን ነግሮኝ! ከጣራው ላይ እርግቦች ብን ብለው ተነሡ፣ የዘበኛው ውሻ አለቀሰ። ሃምሳ አለቃ አስቆሙንና ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞሩ ወረቀቱን አዩ። ቀዩን እርማት አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"የመሪጌታ ልጅ! አረምሽው?"

"አይመሳሰልም ነበር እኮ" አልኩ።

"እንዳይመሳሰል ተደርጎ ነው የተጻፈው። ሁላችሁም አንድ ነገር የምትነፉ ቢሆን አንድ ልጅ ይበቃኝ ነበር፤ ይሄን ሁሉ ሰው ምን ልሠራው ሰበሰብኩ?"

"ትክክለኛው የቱ ነው ታዲያ?"

"ሁሉም።"

ሁሉም! በእኛ ቤት ተሰምቶ የማይታወቅ ነገር። አላመንኳቸውም፤ ግን እንደገና ገለበጥኩት፣ በዚህኛው ጊዜ እንዳለ።

ሰማያዊው እንዳለ ሲገለበጥም አልቀናን። ለትልልቅ ሰዎች የተሠራ ነው። ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ሲደርሱ የልጆቹ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ እንደ እኔ ትራምፔት የደረሳት ሜሮን በየቀኑ ቅባት ተቀብታ ትመጣለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን እኔ ብቻዬን የምነፋበት ረጅም ቦታ አለ፤ ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ እኔ ብቻ! እሱን ተወጥቼዋለሁ። አባባ እዚያ ላይ እኔን ሳይለዩ ሊቀሩ? ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የሌላው መድከም ብዙም አላሳሰበኝም ነበር፤ ልጅ ጨካኝ ነው።

ጥጋቡ ግን ዝምታ ሲቆጥር ነው የሚውለው። ይቆጥራል፣ ይቆጥራል፣ ይሳሳትና ማንም ባልጠበቀው ቦታ "ቧ!" ያደርጋል። አንድ ቀን ትሮምቦኑን አስቀመጠ። "አያ ሃምሳ አለቃ፣ አባቴ የወላጆች ቀን ከመካነ ብርሃን ይመጣል። ምነው መጣሁ ይላል? ዝም ስል ለማየት? ዝምማ ቤታችንም እላለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሃምሳ አለቃ ጢማቸውን ያዙና ወጡ።

ግንቦት ገብቶ አንድ ዓርብ ስንመጣ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው፣ ካርቶኑ ተዘርግፎ፣ ቅንብሮቹ በሙሉ ወለሉ ላይ ተዘርግተው አገኘን። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን አውልቀዋል። "እኔ የመረጥኩት ለእኔ ነበር። ዛሬ እናንተ ምረጡ" አሉን።

ያን ቀን የመሰለ ቀን አላውቅም! በጉልበታችን ከወረቀት ወረቀት እንድሃለን። እንዴት እንደሚመረጥም እግረ መንገዳቸውን ያሳዩናል። "መጀመሪያ ከፍተኛዋን ኖታ ፈልጉና አንጎራጉሯት፤ ጉሮሯችሁ ከተጨነቀ ከንፈራችሁም ይጨነቃል። ገጹን ራቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ከጠቆረ ተዉት። ከዚያ የሁሉንም ወረቀት ጎን ለጎን አድርጉ፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ልጅ ካለ መልሱት። የሌለን መሣሪያ ቢቀርበት የማይፈርስ መሆን አለበት።" ሜሮን ሽፋኑ ላይ ቆንጆ ሴት ያለችበትን መረጠች። ጥጋቡ ዝምታ የሌለበትን ብቻ እየፈለገ አንዱን ሲያነሣ አንዱን ሲጥል "ይሄ ሸጋ ነው! አይ፣ ይሄም ይዘጋኛል" ይላል።

እኔ ባለ ቢጫ ሽፋን አንድ ቀጭን ደብተር አገኘሁ። ገጹ ነጣ ያለ ነው። የትራምፔቶቹንና የትሮምቦኖቹን ወረቀት ጎን ለጎን ሳስቀምጠው፣ ትራምፔቶቹ ዝም ሲሉ ትሮምቦኖቹ ይጀምራሉ፤ እነዚያ ሲጨርሱ እነዚህ ይቀበላሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

"ሃምሳ አለቃ! ይሄ ማኅሌት ነው!"

"ስምሽን ምን ያስጠራሻል?"

"አይደለም፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ! ቀኝ ይመራል፣ ግራ ይቀበላል። ትራምፔት በቀኝ፣ ትሮምቦን በግራ! ጥጋቡ እኮ እዚህ ይመልስልናል!"

ቀና ብለው አዩኝ፤ ወረቀቱን ወስደው አዩት። "ቦታ ያዙ" አሉ። ለሁለት ተከፍለን ፊት ለፊት ቆምን። "ተኩስ!" እኛ ጠየቅን። ጥጋቡ በዚያ ረጅም እጁ መለሰልን፤ ወፍራም፣ ሙሉ፣ በሰዓቱ! ደግመን ጠየቅን፣ ደግሞ መለሰ። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ ሁላችንም እየጮህን እንዘላለን፤ ሃምሳ አለቃም ሊዘልሉ ምንም አልቀራቸው።

"ቆይ፣ ቆይ። ማኅሌት፣ ሰማያዊው ላይ ብቻሽን የምትነፊበት አለሽ። እዚህ ላይ የለሽም። ምን ትያለሽ?"

"ቢጫውን!" አልኩ ጥያቄው ሳያልቅ።

ፒያሳን አልፌ ወደ ሰፈሬ ስታጠፍ ነው ትዝ ያለኝ። አባባ! መንገዱ መሀል ቀጥ ብዬ ስቆም አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋብኝ። ቢሆንም ተጽናናሁ፤ የመጀመሪያዋን ትራምፔት እይዛለሁ፣ ዜማው የእኔ ነው፣ ይሰሙኛል።

እሱም አልሆነ። ቢጫው አንድ ተንኮል ነበረው። ሦስተኛዋ ትራምፔት ከዜማው ሥር ሦስት ድምፅ ብቻ እየደጋገመች ትሄዳለች። ቀላል ይመስላል አይደል? ማንም ሊይዛት አልቻለም። አብዛኞቻችን አንድ ዜማ በአንድ አፍ ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች ነን፤ ከአጠገብ ዜማው ሲነፋ ጆሮ ይሳባል። የሞከረው ሁሉ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ሳያውቀው ዜማው ውስጥ ገብቶ ይገኛል። እሷ ስትጠፋ ደግሞ ሙዚቃው ይሳሳል።

ሃምሳ አለቃ ሁሉን ሞክረው ሲያበቁ እኔን አዩ። ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ።

"አልፈልግም" አልኩ።

"በጉባኤ ቤት ጫጫታ መሀል ስላደግሽ ጆሮሽ የማይሳበው አንቺ ብቻ ነሽ።"

"አባቴ አይሰሙኝም! ካልሰሙኝ ትራምፔቱን እመልሳለሁ! ሦስት ድምፅ ብቻ፣ ከሁሉ ሥር፣ ማን ይሰማታል?" አልቅሼ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሜሮን "በቃ ዜማውን እሷ ትንፋ፣ እኔ እሞክራለሁ" አለች፣ እግዜር ይስጣት። ሞከረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ዜማው ውስጥ ተገናኘን። ከፊት ለፊት ጥጋቡ አንገቱን አቀርቅሮ ቆሟል፤ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ ፈርሶበታል። አፍንጫዬን ጠረግሁና ወረቀታችንን ተቀያየርን።

የወላጆች ቀን ሰኔ ነበር፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደመና አዝሎ ዋለ። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጣለ፣ ወንበር ተደረደረ። ነፋሱ ኖታችንን እንዳይወስድ በልብስ መቆንጠጫ ያዝነው። የጥጋቡ አባት ብርድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከፊት ተቀምጠው "ያ ብረቱን የሚያስረዝመው ነው የኔው" እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያሳያሉ። አባባን ፈለግሁ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ነጭ ጥምጥማቸው ታየኝ። ምነው ቀረብ ቢሉ! ከዚያ ርቀት እንኳን ሦስተኛዋን ትራምፔት ከበሮውንም ላይሰሙት ይችላሉ።

"ተኩስ!"

ጠየቅን። ጥጋቡ መለሰ። ጭብጨባው ከሕዝቡ መሀል ተነሣ። ሜሮን ዜማውን ስታንቆረቁረው እኔ ከሥሯ ሦስቱን ድምፄን ይዤ እሄዳለሁ፤ ዝቅ፣ ከፍ፣ መሀል። እውነቴን ነው፣ መሀል ላይ ፍርሃቴ ጠፋ። ከላዬ ዜማው፣ ከፊቴ ትሮምቦኑ፤ ሁሉም የተለያየ፣ ሁሉም ትክክል። ሃምሳ አለቃ ያሉኝን ያመንኩት ያኔ ነው።

ስንጨርስ እልልታው ቀለጠ። የጥጋቡ አባት ዱላቸውን ከፍ አድርገው "ሸጋ! ሸጋ!" ይላሉ። ወደ መጨረሻው ረድፍ አየሁ። ሁሉ ሰው ቆሟል፤ አባባ ብቻ ተቀምጠዋል። አገጫቸው መቋሚያቸው ላይ፣ ዓይናቸው ጭፍን።

"አባትሽ ተኝተዋል" አለችኝ ሜሮን ቀስ ብላ።

ትራምፔቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ስከተው፣ ነገ ልመልሰው ነውና ደህና አድርጌ ወለወልኩት።

ወደ ቤት በእግር ተመለስን። ካፊያ ጀምሯል። አባባ ጥላቸውን ዘርግተው ሣጥኑን "አምጪው" ብለው ከካባቸው ሥር አደረጉት። ፒያሳ ላይ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች በሩጫ እያለፉን ዜማውን ያፏጫሉ፤ የሜሮንን ዜማ። ማልቀሴ እንዳይታይ ከጥላው ወጣ ብዬ በዝናቡ ሄድኩ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር አባባ ማንጎራጎር ጀመሩ። ማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ወደ ቤት የሚመጡት እንደዚያ እያንጎራጎሩ ስለሆነ መጀመሪያ ልብ አላልኩም። በኋላ ጆሮዬ ቆመ። ዝቅ፣ ከፍ፣ መሀል። እንደገና። ልጆቹ የሚያፏጩት አይደለም። የሜሮን አይደለም፣ የጥጋቡም አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ነፍቼው አላውቅም፤ ማማሰያ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ቆምኩ።

"ምነው ቆምሽ?"

"አባባ… ያ እኮ ዜማው አይደለም።"

"አይደለም" አሉ። ጥላቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ዝናቡን ከለከሉልኝ። ከዚያ ጉባኤ ቤት ውስጥ ለተማሪዎቻቸው በሚናገሩበት በዚያው ቆፍጣና ድምፅ፣ "መጨረሻው አጠገብ ስትመለሽ ትንፋሽ አጠረሽና ድምፁን ሳይሞላ ቆረጥሽው። ለከርሞ አርሚው" አሉኝ።

ለከርሞ አሉ እኮ! ሰማችሁ? ለከርሞ!